ክለቦችና ደጋፊዎች ለአካባቢ ጥበቃ ምን ይሠራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እግር ኳስን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ምን አገናኘው?

መጀመሪያ ሜዳው። ዝናብ ሲበዛም ሲጠፋም ቀድሞ የሚጎዳው የኳስ ሜዳ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የካርላይል ዩናይትድ ስታዲየም፣ ብሩንተን ፓርክ፣ በ2005 በጎርፍ ተጥለቀለቀ። በዲሴምበር 2015 ዴዝመንድ የተባለው ማዕበል ሲመጣ እንደገና ሰጠመ፤ የጎሉ ብረቶች ውኃ መሐል ቆመው ታዩ። ክለቡ ሜዳው እስኪጠገን ድረስ የሜዳውን ጨዋታዎች ሌላ ከተማ ሄዶ ለመጫወት ተገደደ። ትልቅ ገንዘብ ያለው ክለብ እንዲህ ያለውን ይቋቋመዋል፤ የሰፈር ቡድን ግን ሜዳው አንዴ ከተበላሸ ዓመቱን ሙሉ ልምምድ አይኖረውም።

ሁለተኛው ምክንያት ጨዋታው ራሱ የሚያመጣው ብክለት ነው፦ የደጋፊው ጉዞ፣ የሌሊት መብራቱ፣ ምግቡ፣ የውኃ ፕላስቲኩ፣ በየዓመቱ የሚቀያየረው ማሊያ። በዚያ ላይ ክለብ የሚናገረውን የሚሰማው ሰው ብዛት ከማንም መሥሪያ ቤት ይበልጣል።

ከአንድ ጨዋታ የሚወጣው ብክለት በብዛት ከየት ነው?

ከጉዞ ነው። ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው የስታዲየሙ መብራት ቢሆንም፣ ክለቦች ልቀታቸውን ሲያሰሉ ብዙውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ ይዞ የሚገኘው የደጋፊዎች መምጫና መመለሻ ነው።

ሒሳቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መካከለኛ የቤንዚን መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር በግምት 170 ግራም ካርበን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ከተማ ለመሄድና ለመመለስ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብቻውን የሄደ ሰው 51 ኪሎ ለቀቀ ማለት ነው። ያው መኪና አራት ሰው ቢይዝ ለእያንዳንዱ 13 ኪሎ አካባቢ ይደርሰዋል። በሞላ አውቶቡስ ደግሞ በሰው ወደ 8 ኪሎ ይወርዳል። አጭር የአውሮፕላን በረራ በሰው በኪሎ ሜትር ከ150 ግራም በላይ ነው፤ ማለትም መኪና ውስጥ ብቻውን ከተቀመጠ ሰው ብዙም አይሻልም።

ስለዚህ አንድ የደጋፊ ማህበር አንድ ነገር ብቻ የመሥራት አቅም ካለው አውቶቡስ ይከራይ። በጀርመን ብዙ ክለቦች የጨዋታ ትኬቱን የከተማ ባቡርና አውቶቡስ መሳፈሪያም አድርገውታል፤ በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ትኬት የያዘ ሁሉ ለ36 ሰዓት በሕዝብ ትራንስፖርት በነፃ ተጉዟል። በሰሜን አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ዓመታዊ ውድድርም ከየግዛቱ ሰው ይጠራል። እስከ 500 ኪሎ ሜትር ካለ ከተማ የሚነሱ በጋራ አውቶቡስ ቢሄዱ ከየትኛውም የአዳራሽ ንግግር የበለጠ ሥራ ሠሩ። የሚበላሸው የመመለሻው ሰዓት ላይ ነው፤ ጨዋታ ከተጨማሪ ሰዓት ጋር ሲረዝም ባቡር ወይም አውቶቡስ ካመለጠ፣ ያ ደጋፊ በሚቀጥለው በመኪናው ነው የሚመጣው። መነሻ ሰዓቱን ከፍጻሜው ፊሽካ ቢያንስ 45 ደቂቃ በኋላ አድርጉት።

«የዓለማችን አረንጓዴው ክለብ» የሚባለው ማን ነው?

ፎረስት ግሪን ሮቨርስ። በእንግሊዝ ግሎስተርሸር ናይልስወርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ክለብ ነው። የታዳሽ ኃይል ድርጅት ባለቤቱ ዴል ቪንስ በ2010 ሊቀመንበር ከሆነ በኋላ መጀመሪያ ቀይ ሥጋ ከተጫዋቾች ማዕድ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከክለቡ ሙሉ በሙሉ ተወገዱ። ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በአጭሩ ክለቡ ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው የሚበላው። በ2017 ፊፋ የዓለም አረንጓዴው ክለብ ብሎ አወደሰው፤ በ2018 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጽሕፈት ቤት ከካርበን ገለልተኛ መሆኑን፣ ማለትም መቀነስ ያልቻለውን ልቀት ሌላ ቦታ በሚቀነስ ልቀት ማካካሱን፣ መሰከረለት።

ሥራው ግን ከማዕድ ያለፈ ነው። ሳሩ ላይ ኬሚካል አይረጭም። ከሜዳው የሚወርደው ውኃ ተጠራቅሞ መልሶ ያጠጣል። ማጨጃው በሳተላይት የሚመራ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ሮቦት ነው። የስታዲየሙ ጣሪያ ላይ ሶላር ተተክሏል። ከእንጨት የሚሠራ 5,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለመገንባት ያቀረበው ዕቅድ አንዴ ተቀባይነት አጥቶ በ2019 መጨረሻ ቢፈቀድለትም ግንባታው ተጓቷል።

ሜዳ ላይ ያለውን ውጤት መደበቅ አያስፈልግም፦ በ2022 ወደ ሦስተኛው እርከን አደገ፤ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ወረደ። የወረደው በምግቡ ነው የሚሉ አሉ፤ ያደገውም ያንኑ እየበላ ነው።

እኔ ፕሪሚየር ሊግ የማየው አገሬ ላይ በዲኤስቲቪ ቤት ነው። ምን ይመለከተኛል?

እንዲያውም ደህና ቦታ ላይ ነው ያላችሁት። ሠላሳና አርባ ሰው አንድ ቴሌቪዥን ያያል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ነው። ብክለቱ የሚመጣው መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩ ሲነሳ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጩኸቱና ጭሱ ሳይቆጠር። ጄኔሬተር በር ላይ ወይም ኮሪደር ውስጥ በፍጹም አይነሳ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ የተሰበሰበውን ሰው ሊገድል ይችላል።

የተሻለው ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል እንደ ግድግዳ መብራት የሚያደርገው ዕቃ) ነው። ቴሌቪዥን 100 ዋት፣ ዲኮደር 20፣ ድምፅ ማጉያ 30 ብንል 150 ዋት ነው፤ ለሁለት ሰዓት 300 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ስለሚመከር 600 ይቀራል፤ ኢንቨርተሩ የሚበላውን ቀንሰን እንኳ አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱና ከትንታኔው ያሳያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመኪና ባትሪ መግዛቱ ላይ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ለሰዓታት ቀስ ብሎ ለመራገፍ አልተሠራም፤ በጥቂት ወራት ይሞታል። ሻጩን «ለሶላር የሚሆን» ብላችሁ ጠይቁት።

የጃፓን ደጋፊዎች ስታዲየም የሚያጸዱት ለምንድን ነው? እኛስ ብንሞክረው?

ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ከተሳተፈችበት ከ1998ቱ የፈረንሳይ ውድድር ጀምሮ የሚታወቁበት ነው። ልማዱ ከትምህርት ቤት ይነሳል፤ ጃፓን ውስጥ ተማሪዎች ክፍላቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ። በ2022 ካታር ላይ ካታርና ኢኳዶር የተጫወቱትን የመክፈቻ ጨዋታ ሳይቀር አጽድተው ሄደዋል፤ አገራቸው ያልተጫወተችበትን! በ2018 ሩሲያ ላይ ሴኔጋሎችም ፖላንድን ካሸነፉ በኋላ ወንበራቸውን ለቅመው ነው የወጡት። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ጠባይ ብቻ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ለ100 ሰው አሥር ማዳበሪያ፣ ሃያ ጥንድ ጓንት፣ አምስት መጥረጊያ። ማዳበሪያውን ከጨዋታው በፊት፣ በእያንዳንዱ መደዳ ጫፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው ስጡት፤ ከፊሽካው በኋላ ማደል የጀመረ ማህበር ባዶ ወንበር ነው የሚጠብቀው። ሁለት ዓይነት ማዳበሪያ ይኑር፦ አንዱ ለሃይላንድ ብቻ፣ ሌላው ለቀረው። የኦቾሎኒ ልጣጭና የምግብ ትራፊ ከሃይላንዱ ጋር ከተቀላቀለ የሚገዛው አይኖርም። ጽዳቱ ከ15 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ሰው ይበተናል፤ ስለዚህ መላውን ስታዲየም ለማጽዳት አትነሱ፣ የራሳችሁን ጥላ ፎቅ ወይም ካታንጋ ብቻ ያዙ።

በሽንፈት ቀን ማድረጉ ነው ከባዱ። ጃፓኖች በ2018 ሁለት ለዜሮ ሲመሩ ቆይተው በቤልጂየም ሦስት ለሁለት ተሸንፈው በወጡበት ሌሊት፣ ተጫዋቾቹ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን አጽድተው በሩሲያኛ «አመሰግናለሁ» የሚል ወረቀት ትተው ሄዱ።

የሰበሰብነውን ሃይላንድ ምን እናድርገው?

ሽጡት። ቁራሌውም ሰብሳቢ ማህበራቱም በኪሎ ይገዛሉ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ግራም ስለሆነ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ70 እስከ 100 ያስፈልጋል። ውስጡ የቀረውን ውኃ ድፉት፣ ክዳኑን ፍቱት፣ ጨፍልቁት። ክዳኑ ከጠርሙሱ የተለየ ፕላስቲክ ስለሆነ ለብቻው ይጠራቀም። ተዘግቶ የተጠራቀመ ሃይላንድ አየር ስለሚይዝ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ተሸክማችሁ ሁለት ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

መጀመሪያውኑ እንዳይመጣ ማድረግ ግን ከመሰብሰብ ይበልጣል። የጀርመን ስታዲየሞች ብዙዎቹ በመያዣ ገንዘብ የሚሰጥ፣ ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል ኩባያ ይጠቀማሉ። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም በሁለት ነገር ይበላሻል። መያዣው አነስተኛ ከሆነ ሰው ኩባያውን ጥሎት ይሄዳል። ኩባያው ላይ የኮከብ ተጫዋች ፎቶ ከታተመ ደግሞ ሰው ቤቱ ወስዶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ተመልሶ ያልመጣ ኩባያ ከሚጣለው ስስ ኩባያ የበለጠ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ኩባያው ላይ ምንም አይታተም።

ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ማሊያ መግዛት ይጠቅማል?

በኖቬምበር 2016 ሪያል ማድሪድና ባየርን ሙኒክ ከባሕር ዳርቻ ከተለቀመ ፕላስቲክ የተሠራ ማሊያ በየሊጋቸው ለብሰው ተጫውተዋል፤ ለአንዱ 28 ጠርሙስ ገብቷል ተብሏል። ከአዲስ ፖሊስተር ይሻላል። ነገር ግን ያም ቢሆን ፖሊስተር ነው፤ በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ ወደ ውኃው ይሄዳል። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ልብሱን ሞልታችሁ፣ በአጭር ዙር ካጠባችሁት ይቀንሳል።

የሚበልጠው አለመግዛት ነው። ክለቦች በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ዓይነት ያወጣሉ፤ ያለፈው ዓመት ማሊያ ልብ ውስጥ ያለውን ክለብ አይቀይርም።

ማህበራችን ችግኝ መትከል ይፈልጋል። ምን እናስተውል?

የብዙዎቹ ችግኞች ዕጣ የሚወሰነው ገና ከመተከላቸው በፊት ነው። ጉድጓዱ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይቆይ፤ ከላይ የወጣው ጥቁር አፈር ለብቻ ይቀመጥ፣ ሲተከል ወደ ታች የሚገባው እሱ ነው። ተከላው መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ በሐምሌ ይሁን። በዛፎቹ መካከል ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ተዉ።

አሁን ችግኙን እጃችሁ ላይ ያዙትና ተመልከቱት። ጥቁር ፕላስቲክ ለብሷል። ያንን ፕላስቲክ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁና አውጡት፤ አፈሩ እንዳይፈርስ በሁለት እጅ ይያዝ። ከታች ሥሩ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ካያችሁ የተጠቀለለውን ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ እዚያው እየተጠማዘዘ ያድግና ዛፉ በሦስተኛው በአራተኛው ዓመት ይደርቃል። ለፎቶ በተደረገ ተከላ ላይ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ስንት ጊዜ ታይቷል! ፕላስቲኮቹን ደግሞ ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ 200 ችግኝ ከተከላችሁ 200 ፕላስቲክ ይዛችሁ መመለስ አለባችሁ።

ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዋንዛ እንደየአየሩ ይመረጡ፤ ባሕር ዛፍ ምንጭ አጠገብ አይተከል። ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ነው ፈተናው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ችግኝ ከ5 እስከ 10 ሊትር ውኃና ከፍየል የሚከላከል አጥር ያስፈልጋል። ውኃ የሚያጠጣ ሰው በስም ካልተመደበ አትትከሉ። የያኔው የአርሰናል ተጫዋች ሄክተር ቤለሪን በ2020 ክለቡ ባሸነፈ ቁጥር 3,000 ዛፍ አስተክላለሁ ብሎ ደጋፊዎች ጨምረውበት ከ50,000 በላይ ደርሷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ዛፍ ግን ለአየሩ ዋጋ የሚኖረው አሥርና ሃያ ዓመት ሲቆም ነው፤ የዘንድሮን በረራ የዘንድሮ ችግኝ አይሰርዘውም።

ሜዳውን በዝናብ ውኃ ማጠጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ልኩን ማወቅ ግን ግድ ነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ነው። አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ለማጠጣት ወደ 36,000 ሊትር ይፈልጋል፤ ይህ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ አራት ማለት ነው፣ ለአንድ ጊዜ። በአንጻሩ 1,000 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ፣ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ ከ8,000 እስከ 9,000 ሊትር ይያዛል። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ በክረምት ይመጣል፣ ሳሩ የሚጠማው በበጋ ነው፤ ስለዚህ የጣሪያ ውኃ ለመጸዳጃ ቤትና ለመታጠቢያ ቢውል ያዋጣል እንጂ ሜዳውን ብቻውን አይሸከምም። ለሳሩ የሚጠቅመው ሌሊት ወይም ጎህ ሳይቀድ ማጠጣት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማድረግ ይልቅ ቀን እየዘለሉ በደንብ ማራስ፣ ሳሩንም በጣም አሳጥሮ አለማጨድ ነው። ሥር ወደ ታች የሚወርደው ውኃን ፍለጋ ነው።

ታዲያ ሰው ሠራሽ ሳር አይሻልም?

ውኃ ይቆጥባል፣ ቀኑን ሙሉ ያጫውታል። ችግሩ በሳሩ መሐል የሚረጨው ከአሮጌ ጎማ የተፈጨ ጥቁር ፍርፋሪ ነው። በጫማና በካልሲ ይወጣል፣ ዝናብ ወደ ቦይ ይወስደዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለውን የፕላስቲክና የጎማ ፍርፋሪ ለስፖርት ሜዳ መሸጥ ከኦክቶበር 2031 ጀምሮ ይከለክላል።

ያለውን ሜዳ ለማሻሻል ዙሪያውን ዝቅተኛ ግንብ ወይም ጣውላ ማድረግ፣ መውጫው ላይ ጫማ ማራገፊያ ብሩሽ ማስቀመጥ፣ ቦዩ አፍ ላይ ወንፊት መግጠም ብዙውን ያስቀረዋል። አዲስ የሚያሠራ ደግሞ በአሸዋና በቡሽ የሚሞላውን ይጠይቅ፤ የሚሸጥላችሁ ድርጅት አሮጌውን ምንጣፍ መልሶ እንደሚወስድ ውሉ ውስጥ ይጻፍ። ያረጀ ምንጣፍ ከነፍርፋሪው ብዙ ቶን ነው፣ የሚጣልበትም ቦታ የለም።

ተጫዋቾቹ ለአጭር ርቀት በአውሮፕላን ሲበርሩ ደጋፊው ለምን ይጨነቃል?

ቅሬታው እውነት አለው። በ2022 የፓሪስ ሴንት ዠርሜን አሠልጣኝ፣ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ወደሚያስኬደው ናንት ለምን በረራችሁ ተብሎ ሲጠየቅ በአሸዋ ላይ በሚነዳ ጀልባ ለመሄድ እያሰብን ነው ብሎ ቀለደ፤ አጠገቡ የነበረው ምባፔም ሳቀ። ነገሩ ፈረንሳይን አስቆጥቷል። ክለቦች የሚያቀርቡት ምክንያት ሌሊት ከጨዋታ በኋላ ባቡር የለም፣ ተጫዋች እንቅልፍ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ከፊሉ ልክ ነው፤ መልሱ ግን መብረር ሳይሆን የጨዋታ ሰዓት የሚያወጣው አካል ከባቡር ድርጅቱ ጋር መነጋገሩ ነው።

ሁሉም ተጫዋች እንዲህ አይደለም። ኖርዌጂያዊው ሞርተን ቶርስቢ በጣሊያኑ ሳምፕዶሪያ እያለ 2 ቁጥርን የለበሰው የምድር ሙቀት ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር የተገባውን ቃል ለማስታወስ ነበር፤ አማካይ ሆኖ የተከላካይ ቁጥር።

ክለብ «ከካርበን ነፃ ነን» ሲል እንዴት እናምናለን?

ሦስት ነገር ጠይቁ። የደጋፊዎች ጉዞ ተቆጥሯል? የቀነሳችሁት ስንት ነው፣ በገንዘብ ያካካሳችሁትስ ስንት? ቆጠራውን የመረመረው ከክለቡ ውጭ ያለ አካል ነው? ጉዞን ከሒሳቡ ያወጣ ክለብ ትልቁን ነገር ነው ያወጣው።

የካታር 2022 የዓለም ዋንጫ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ፊፋ ራሱ ልቀቱን 3.6 ሚሊዮን ቶን ገመተው፣ ከግማሽ በላዩን ጉዞ ብሎ፤ መቀነስ ያልቻልነውን አካክሰን ውድድሩን ከካርበን ገለልተኛ እናደርገዋለን አለ። ተቺዎች ወዲያው ያነሱት የስታዲየሞቹን ግንባታ ነው፤ ልቀቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከፋፍሎ ለውድድሩ የተያዘበት ጥቂቱ ብቻ ነበር። ከአምስት አገሮች አቤቱታ ቀረበ፤ በጁን 2023 የስዊዘርላንድ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ፊፋ ያለውን በማስረጃ እንዳላረጋገጠ ወሰነ።

በሴፕቴምበር 2021 ቶተንሃምና ቼልሲ ከካርበን ነፃ ተብሎ የተጫወቱትን ጨዋታ በዚሁ ዓይን እዩት። ተጫዋቾች በባዮዲዝል አውቶቡስ መጡ፣ ደጋፊዎች መኪናቸውን ትተው እንዲመጡ ተለመኑ፣ የቀረው ተካካሰ። ቼልሲ ሦስት ለዜሮ አሸነፈ። የአንድ ቀን ማሳያ ሆኖ ጥሩ ነው፤ ጥያቄው በቀጣዩ ሳምንት ምን ቀረ የሚለው ነው።

ክለባችን ባይሰማንስ?

ጥያቄውን ጠባብ አድርጉት። «አካባቢን ጠብቁ» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። «በመጪው የሜዳ ጨዋታ ከ3ኛው በር አጠገብ ሁለት የሃይላንድ በርሜል እናስቀምጥ፣ ባዶ የምናደርገው እኛ ነን» የሚል ደብዳቤ ግን እሺ ወይም እምቢ መባል አለበት። ከሦስት ጨዋታ በኋላ ስንት ኪሎ እንደተሰበሰበ በቁጥር አቅርቡ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የአውቶቡሱን፣ ያን ጊዜ አንሱ።

ክለብ ብቻውን የማይሠራውን ሊግ ሊያስገድድ ይችላል። የጀርመን ሊግ ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሁለቱን የላይኛ እርከኖች 36 ክለቦች በሊጉ የመጫወት ፈቃድ ከዘላቂነት መስፈርት ጋር አያይዞታል። የደጋፊዎች ድምፅ በክለቦች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሚቆጠርበት አገር ይህ መምጣቱ በአጋጣሚ አይመስለንም። አባልነት ካርድ ያለው ደጋፊ ጉባኤው ላይ ተነስቶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፦ ባለፈው ዓመት ስንት አውቶቡስ ተከራይተን ስንት ሰው አጓጓዝን?